ምጣድና የውሃ ማፍያ የሚያቃጥሉ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ የበዓል ዋዜማ ማታ መብራቱ ይደክማል። ሁሉም ቤት ምጣድ ሰክቷላ! ምጣዱ አልግል ይላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ይሄኔ አንዱ ይመጣና «ሽቦውን ትንሽ ላሳጥረው፣ ይግላል» ይላል። እባካችሁ እንዳትፈቅዱለት።

ከምጣዱ ሥር በቦዩ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ ኒክሮም ነው፤ ኒኬልና ክሮሚየም ተቀላቅለው የተሠራ። ኤሌክትሪክ እንደልቡ ስለማያሳልፍ ይግላል። ሲግል ደግሞ ክሮሚየሙ ላዩን በስስ ሽፋን ስለሚያለብሰው እንደ ተራ ብረት ቶሎ አይበላም። ርዝመቱ የተለካው ለ220 ቮልት ነው። ካጠረ የሚስበው ከረንት ይጨምራል። በደከመ መብራት እውነትም ደህና ይግላል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጋግሮ ሲነቅልና ቮልቱ ሲመለስ ግን ወይ ሽቦው ይበጠሳል፣ ወይ ሶኬቱ ይቀልጣል። ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በሲሶ ያህል ይቀንሳል፣ ምጣዱ ምንም አልሆነም። ከተቻለ ሊጡን ለሌሊት አቆዩት።

የተበጠሰውን ጠምዝዞ መቀጠልም ያው ነው። መጋጠሚያው ሲላላ እዚያችው ቦታ ከሌላው በላይ ይግላል፣ እዚያው መልሶ ይበጠሳል። ነቅላችሁ ገልብጣችሁ እዩት፤ ቋጠሮው ጠቁሮ፣ ዙሪያው ያለው ጀሶ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ። በምጣዱ ዋት ልክ ሙሉ ሽቦ አስቀይሩ።

ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም። የ3500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ብዙው ዲቫይደር ጀርባው ላይ የተጻፈበት ከዚያ ያንሳል። ካውያና ማፍያ ሲጨመርበት እሳት መጥራት ነው። ለብቻው መስመር፣ ወፍራም ገመድ።

ማፍያን ያለ ውሃ አትክፈቱ። የማሞቂያውን ቱቦ ከመቃጠል የሚያድነው ሙቀቱን የሚወስድለት ውሃ ነው። ቱቦው ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም ሙቀቱን ያፍናል፤ አቼቶ በውሃ አፍልታችሁ አሳድሩበት፣ ጠዋት ይለቃል። በቢላ አትፋቁት።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚያሳስበኝ። ምጣዱ ሲሰነጠቅ ሊጡ በስንጥቁ ሰርጎ ሽቦው ድረስ ይገባል፣ እርጥቡ ኤሌክትሪኩን ወደ ቆርቆሮው ያደርሰዋል። «ትንሽ ይነዝራል» እየተባለ ጫማ ተደርጎ የሚጋገርበት ቤት አለ! የሚነዝር ምጣድ ወዲያው ይነቀላል። ሸክላው ይቀየራል፣ የኧርዝ ሽቦው፣ ማለትም ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው፣ ከቆርቆሮው ጋር መታሰሩን ኤሌክትሪሺያን ያየዋል፣ ከዚያ ነው የሚሰካው።