ቱንቢ፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፦ የፍሪሜሶኖችን መርሆ በዕለት ኑሮ

ጅማ ውስጥ ድንጋይና ብሎኬት ስገነባ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው። የፍሪሜሶን ማኅበር አባል አይደለሁም፤ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው እንደሚጠረጥርም አውቃለሁ። እኔን የሳበኝ ሥነ ምግባር የሚያስተምሩበት ዕቃ ነው። የእኔው ዕቃ! እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1717 ለንደን ላይ ታላቁን ሎጅ፣ ማለትም የማኅበሩን የበላይ አካል፣ ያቋቋሙት ሰዎች የድንጋይ ጠራቢዎችን መሣሪያ ምሳሌ አድርገው ወሰዱ፤ የሚያስተምሩትም የወንድማማች ፍቅርን፣ ርዳታንና እውነትን ነው። አባል ሳትሆኑም ልትኖሩበት ትችላላችሁ፤ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው።

ከቱንቢ፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ከሚያሳየው በክር ከሚንጠለጠል ክብደት፣ ጀምሩ። ቱንቢ ቀጥ ብሎ የመኖር ምሳሌ ነው፤ ለማንም አያደላም። ከዓመታት በፊት ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ቤት ስሠራ ግድግዳው ከላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘመም ብሎ አገኘሁት። ልስን ይሸፍነዋል፤ ማንም አያውቅም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠዋት ለቤቱ ባለቤት፣ ለእኚያ እናት ነገርኳቸውና አፍርሼ በራሴ ሲሚንቶ ደግሜ ገነባሁት። የሳምንት ገቢዬ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ዛሬ በልስን የሸፈንኩት ምን አለ? እናንተም ጠይቁ። ካለ በነጋታው ተናገሩት፤ ከደረቀ በኋላ ማፍረሱ ይከብዳል።

ስኳድራ፣ የማዕዘን መለኪያው፣ የአካሄድ ልክነት ምሳሌ ነው። መሠረት ስንቀይስ በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክተን ሰያፉ 5 ሜትር ካልመጣ ማዕዘኑ አልያዘም። ገንዘብንም እንዲሁ እፈትሻለሁ፦ ለአሠሪው የነገርኩት ዋጋ፣ የሱቁ ደረሰኝ፣ ደብተሬ ላይ ያለው ቁጥር። ሦስቱ እስኪገጥሙ ከቦታዬ አልነሳም። ክረምት ገብቶ ሥራ ሲጠፋ ፈተናው ይበረታል፤ ያኔ ደብተሩን ለአሠሪው ራሱ አሳዩት።

ውሃ ልክ፣ ወለልና ግንብ አለመዝመሙን የሚያሳየው መሣሪያ፣ የሰው እኩልነት ምሳሌ ነው። እኔ ከአንደበቴ ጀመርኩ። ሲሚንቶ የሚያቦኩልን ሰው አባቴን የሚያክሉ ሆነው ሳለ ሁላችንም «አንተ» እንላቸው ነበር፤ ልጄን የሚያክለው አሠሪ ግን «እርስዎ» ይባላል። አንድ ጠዋት «አባባ፣ ይቀመጡ፣ ቡና ይጠጡ» አልኳቸው። ባሬላውን አስቀምጠው ዝም ብለው አዩኝ። ሳምንት ሳይሞላ ወጣት ሠራተኞቹም «አባባ» ይሏቸው ጀመር። እናንተም «አንተ» እያላችሁ የምታዝዟቸውን ሽማግሌ ዘበኛና ተሸካሚ አስቡ።

ሎጅ ውስጥ፣ ማለትም በፍሪሜሶኖች ስብሰባ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ መከራከር ክልክል ነው። ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ አንድ መወጣጫ ላይ በምንቆምበት ሥራ ይህን ደንብ ለቡና ሰዓታችን ወስጄዋለሁ።

የፍሪሜሶኖች 24 ኢንች መለኪያ የቀኑ 24 ሰዓት ምሳሌ ነው፦ 8 ለፈጣሪና ለተቸገረ ወገን፣ 8 ለሥራ፣ 8 ለዕረፍትና ለእንቅልፍ። የመጀመሪያውን 8 ሞልቼው አላውቅም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ሥራ አልይዝም፤ የታመመ የምጠይቀው ያኔ ነው። እጁ የተሰበረ የቀን ሠራተኛ ቤት ስትሄዱ ብር በልጆቹ ፊት አታውጡ። ዱቤ የሚወስድበትን ሱቅ ጠይቃችሁ ዕዳውን ክፈሉለት፤ ባለሱቁንም ስማችንን እንዳትናገር ብላችሁ አደራ በሉት።