«ስልክ ካላየ አይበላም»፦ ከትንንሽ ልጆች ጋር የምንሠራቸው የስክሪን ስህተቶች

«ስልክ ካላየ አይበላም።» ይህን ከስንት እናት እንደሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ እኔም ብዬዋለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው፣ ገንፎው ሲቀርብለት አፉን ሳይከፍት እጁን ወደ ስልኬ ይዘረጋ ነበር። ካርቱኑ ሲጀምር አፉ ይከፈታል፣ ሲቆም ይዘጋል። ያኔ ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

በስልክ ማብላት። ዓይኑ ስክሪን ላይ የተተከለ ልጅ ሆዱ «በቃኝ» ቢለው ልብ አይልም፤ ጣዕሙንም ሳያውቅ ይውጣል። ከሁሉ በላይ የሚቀርበት ግን ወሬው ነው። «ይሄ ድንች ነው፤ ትኩስ ነው፣ እፍ እንበልበት።» ልጅ አፉን የሚፈታው በእንዲህ ያለ የማዕድ ጨዋታ ነው። ለማስተው ስልኩን ከክፍሉ አውጡ፤ ልጁን ከቤተሰቡ ጋር ትሪው ዙሪያ አስቀምጡት። ትንሽ ትንሽ አቅርቡለት፤ በራሱ እጅ ያንሳ፣ ያዝረክርክም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። የእኔ ልጅ ሁለት ቀን ከወተት በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልቀመሰም፤ በአራተኛው ቀን ከአጎቱ እጅ ጉርሻ ተቀበለ። ልጃችሁ ክብደት የማይጨምር ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

«እንግሊዝኛ እየተማረበት ነው» ማለት። ይህ ስህተት ልቤን ይበላዋል፣ ምክንያቱም የሚመጣው ለልጅ ከማሰብ ነው። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩል ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው ሙከራ አለ። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ተመረጡ። ለአንዳንዶቹ ቻይንኛ ተናጋሪዎች አጠገባቸው ተቀምጠው መጽሐፍ አነበቡላቸው፣ በአሻንጉሊት አጫወቷቸው፤ 12 ጊዜ ብቻ። እነዚህ ሕፃናት የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ሌሎቹ ያንኑ ንግግር፣ ያንኑ ያህል ጊዜ በቪዲዮ አዩ፤ ቻይንኛ ጨርሶ ካልሰሙት ሕፃናት አልተሻሉም። ሕፃን ቋንቋ የሚይዘው ዓይኑን አይቶ ከሚመልስለት ሰው ነው። ካርቱን ደግሞ ልጁ ቢጠራውም አይመልስለትም።

በእንግሊዝኛ እስከ አስር የሚቆጥሩ፣ ቀለም የሚጠሩ፣ ሲጠማቸው ግን «ውሃ» ማለት የማይችሉ ልጆች አጋጥመውኛል። ልጃችሁ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር ወይም በጣቱ የማያመለክት ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያገጣጥም ከሆነ፣ «ስልኩ ነው፣ ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ። የሕፃናት ሐኪም ይየው፣ ጆሮውም ይመርመር።

ቴሌቪዥኑን ማንም ሳያየው ክፍት መተው። ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ቤት ሲጠረግ ሁሉ እንደተከፈተ ይውላል። ሕፃኑ ባያየውም እኛ ከእሱ ጋር የምናወራው ይቀንሳል፤ የእሱም ጨዋታ በየመሃሉ ይቋረጣል። የሚያየው ሰው ከሌለ ይጥፋ።

ሲያለቅስ ማስያዝ። ታክሲ ውስጥ፣ የሐኪም ወረፋ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ ሲያየን ስልኩን ሰጥተን እንገላገላለን። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደለም። ልማድ ሲሆን ግን ልጁ ንዴቱን በሌላ መንገድ ማብረድ ሳይለምድ ያድጋል። አቅፋችሁ «ተናደድክ አይደል?» በሉት፤ ከቦርሳችሁም ማንኪያ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ቁራጭ ጨርቅ አይጥፋ።

ልክ አለማበጀት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥርም ይሻላል ይላል። ሞግዚቷ፣ አያቱና የጎረቤት ልጆች ይህን ካላወቁ እናንተ ብቻ ማወቃችሁ ዋጋ የለውም፤ ሁሉንም ተነጋገሩበት። ቪዲዮው ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይከተል ማስተካከያውን አጥፉት። ሰዓቱ ሲደርስም ከእጁ አትንጠቁት፤ «ይሄ ሲያልቅ እናጠፋለን» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሲያልቅም በቃላችሁ ጽኑ።

በስልክ ማስተኛት። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የስክሪኑ ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን ይቀንሳል፣ ካርቱኑም ያነቃዋል። ከመኝታ በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት ለ«ተረት ተረት፣ የላም በረት» ተዉለት። ተረት አላውቅም የምትሉ ቀናችሁን አውሩለት፤ ልጅ ይህንንም ይወዳል።

ሪሞቱን ማጫወቻ አድርጎ መስጠትም አለ። በአንዳንድ ሪሞት ውስጥ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች። ክዳኑ የላላ ሪሞት በፕላስተር ይታሸግ፤ ከዋጠ ደግሞ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሁሉንም ስክሪን አንድ ላይ መከልከል። ይህን ሁሉ የሰማ ወላጅ አንዳንዴ የቪዲዮ ጥሪንም አብሮ ይዘጋል። እናቱ ጅዳ ወይም ቤሩት ለምትሠራ ልጅ፣ ያ ስልክ የእናቱ ፊት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ከ18 ወር በታች ላሉት ከሚከለክለው የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ አውጥቶታል፤ በወዲያ በኩል የሚመልስለት ሰው አለና። ብቻውን ግን አታስይዙት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ «እማዬ ጫማህን አሳየኝ አለች፤ እግርህን አንሳላት» በሉት።