ብሎን እየላላ ላስቸገራችሁ

ደብረ ብርሃን ኮብልስቶን ላይ ሞተር የሚነዳ ያውቀዋል፤ ዛሬ ያጠበቀው ብሎን በሳምንቱ ይንቀጫቀጫል። የኔ የታርጋ ብሎን ሁለቴ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለተኛውን ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ፣ ጉም ውስጥ ጎንበስ ብዬ ፈልጌ አጣሁት።

እኔም እንደ ሁሉም ሰው ስፕሪንግ ሮንዴላ (ከዳዶው ስር የሚገባ የተሰነጠቀ የብረት ቀለበት) ነበር የምጨምረው። እውነቱን ለመናገር ለንዝረት ብዙም አይረዳም። ዳዶውን የሚፈታው በዋናነት የታሰሩት ብረቶች ወደ ጎን መንሸራተታቸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በደንብ ይጥበቅ።

ከዚያ ሰማያዊ ሎክታይት፣ ማለትም ብሎን እንዳይላላ ጥርሱ ላይ የሚደረግ ማጣበቂያ። የብሎኑን ጥርስ በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁ፤ ዘይት ካለው በደንብ አይዝም። ዳዶው የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ፣ አጥብቁ፣ እስከ ነገ አትንኩት። በእኛ ብርድ ቶሎ አይደርቅም። ቀዩን ተዉት፤ ለመፍታት በእሳት ማጋል ይፈልጋል።

የኔ ተወዳጅ ዘዴ ግን የእህቴ የጥፍር ቀለም ነው (እሷ ባታውቅ ይሻላል)። ካጠበቅኩ በኋላ ከዳዶው ወደ ብረቱ አንድ ቀጭን መስመር አሰምራለሁ። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ዓይኔን ጣል ማድረግ ነው። መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው ዞሯል፣ መፍቻ አምጡ።