ሁለት ዲሽ፣ አንድ ኬብል

ባሕር ዳር ውስጥ ኢትዮሳትንም ናይልሳትንም ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ሁለት ዲሽ ቢያስተክልም ከጣሪያ ወደ ሳሎን የሚወርደው ኬብል አንድ ቢሆን ይበቃዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ዕቃ ዳይሴክ ስዊች ይባላል። በእሱ ፈንታ ስፕሊተር (መስመር መክፈያና ማጣመሪያ ዕቃ) ማስገባት፣ ይባስ ብሎም የሁለቱን ኬብሎች ሽቦ ጠምዝዞ ማያያዝ ጥሩ ውጤት አይሰጥም፤ ምክንያቱም የሁለቱም ዲሾች ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ለፊት ያለው መቀበያ) ከሳተላይት የተቀበለውን ሞገድ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ወዳለው ተመሳሳይ ክልል አውርዶ ስለሚልክ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ስዊቹ ግን አይቀላቅልም፤ ከሪሲቨሩ በሚመጣለት ትእዛዝ በየተራ አንዱን ብቻ ያሳልፋል።

ስዊቹን ከማሰርዎ በፊት እያንዳንዱን ዲሽ ለብቻው ከሪሲቨሩ ጋር አገናኝተው ያስተካክሉ። ኢትዮሳት ያለበት፣ በምሥራቅ 57 ዲግሪ የሚገኘው ሳተላይት ከባሕር ዳር ሲታይ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ መካከል ሆኖ ከአድማስ 63 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በምዕራብ 7 ዲግሪ ያለው ናይልሳት ግን ከምዕራብ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው፤ ከፍታውም 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ በግቢው ምዕራባዊ ጥግ የቆመ ማንጎ በቀላሉ ይጋርደዋል። ከባሕር ዳር አቅራቢያ ባለው የዘጌ ጫካ ውስጥ ዲሽ ለሚተክል ሰው ዋናው ሥራ በእነዚህ አቅጣጫዎች ያልተጋረደ ክፍት ሰማይ መፈለግ ነው።

አሁን ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀሉ። በኬብሉ ውስጥ 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚያልፍ ይህ ሊዘለል አይገባም። የኬብሉን ውጫዊ ላስቲክ በጥንቃቄ ይላጡ፤ የተጠለፈውን ቀጭን ሽቦ ወደ ኋላ ያጥፉ፤ በኬብሉ ጫፍ ላይ ማያያዣውን (ኮኔክተሩን) ሲገጥሙ መካከለኛው መዳብ ከኮኔክተሩ አፍ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ብቅ ይበል። ከዚያም ወደ ብርሃን አቅርበው ይመልከቱት፤ ፀጉር የምታህል አንዲት የጥልፍ ሽቦ እንኳ መዳቡን ከነካች ጥልፉና መዳቡ ተገናኝተው ሾርት ይፈጠራል። እኔ በችኮላ ይህን ሳላይ አስሬ አንድ ሪሲቨር አቃጥያለሁ።

የኢትዮሳትን ኬብል በስዊቹ 1ኛ መግቢያ፣ የናይልሳትን በ2ኛው፣ ወደ ቤት የሚወርደውን ደግሞ ሪሲቨር በተባለው መውጫ ላይ ያስሩ። በሪሲቨሩ ዝርዝር ውስጥም ለእያንዳንዱ ሳተላይት ያንኑ ቁጥር ይምረጡ፤ አንዱ ሳተላይት ሠርቶ ሌላው ምንም ካላሳየ በመጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው። ይህ አሠራር ለአንድ ሪሲቨር ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በሌላ ክፍል ያለ ሁለተኛ ሪሲቨር የራሱን መስመር ይፈልጋል።

ስዊቹን የኬብል መግቢያዎቹ ወደ ታች እንዲያዩ አድርገው ከዲሹ ጀርባ ወይም ከጣሪያው ክዳን ሥር ይሰሩት፤ ኬብሉም ወደ ኮኔክተሩ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ ያን ጊዜ የሐምሌ ዝናብ በኬብሉ ላይ ሲወርድ ውስጥ ሳይገባ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከዝናብ በኋላ አንደኛው ሳተላይት ከጠፋ ኮኔክተሩን ፈትተው መዳቡን ይዩ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለበት ጫፉን ቆርጠው በአዲስ ኮኔክተር ይተኩት።