ጌም ሲጎተት ምን ልግዛ? ከምልክቱ ተነስቶ ጥፋተኛውን ማግኘት

«ኮምፒውተሬ ጌም ላይ ይጎተታል፣ ምን ልግዛ?» ብላችሁ ስትጠይቁ አብዛኛው ሰው ሳያስብ «ግራፊክስ ካርድ» ይላችኋል። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ከዕቃዎቹ ሁሉ ውዱ ነው። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ፤ በዚህ ጊዜ ያለቦታው የወጣ ገንዘብ ያንገበግባል። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ሳትለኩ አትግዙ።

መለኪያው ነፃ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«G» ፊደልን አንድ ላይ ስትጫኑ ጌም ባር ይከፈታል። ጌሙ ላይ እያላችሁ ፕሮሰሰሩ፣ ግራፊክስ ካርዱና ራሙ (ጊዜያዊ ሜሞሪው) ስንት በመቶ እንደሚሠሩ ያሳያችኋል። ሙቀትም ማየት ከፈለጋችሁ ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ጫኑ፤ ካርዱ የግድ የኤምኤስአይ መሆን የለበትም። ፒንግና ኤፍፒኤስ (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ደግሞ ራሱ ጌሙ ውስጥ አለ፣ ዶታ 2ም ካውንተር ስትራይክ 2ም ቫሎራንትም ያሳያሉ። አንድ ሙሉ ጨዋታ ቁጥሮቹን እያያችሁ ተጫወቱ። ከዚያ ከታች ካሉት ምልክቶች የእናንተን ፈልጉ። ከርካሹ ጀምሬ ወደ ውዱ እሄዳለሁ።

«ምስሉ ጥርት ብሎ ይሄዳል፣ ግን የተኮስኩት አይመታም፣ ሰውዬው ወደ ኋላ ይመለሳል»

ኤፍፒኤሱ ሳይወርድ ፒንጉ ከ120 ወደ 400 ከዘለለ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። እዚህ ላይ የትኛውም ግራፊክስ ካርድ፣ የትኛውም ራም አይረዳችሁም።

ፒንግ ማለት መልእክታችሁ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይበላል። መስመሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ የባሕር በር ስለሌለን መጀመሪያ በጎረቤት አገር በኩል ይወጣና ከዚያ ነው የባሕር ውስጥ ኬብል የሚይዘው። ስለዚህ ከዚህ ሆናችሁ የአውሮፓ ሰርቨር ላይ 30 ፒንግ የሚሰጣችሁ ዕቃ የለም፣ አለ የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ። ዶታ 2ና ካውንተር ስትራይክ 2 ዱባይም ሰርቨር አላቸው። በርቀት ከፍራንክፈርት በግማሽ ይቀርባል። ግን መስመሩ በየት በኩል እንደሚዞር የሚወስነው ኢንተርኔት የሚሰጣችሁ ድርጅት ስለሆነ ሁለቱንም ሞክሩና ያነሰውን ያዙ።

ቀጥሎ ጥፋቱ ቤት ውስጥ ይሁን ውጭ አጣሩ። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ የራውተራችሁን አድራሻ ፒንግ አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። 1 ወይም 2 ሚሊሰከንድ ላይ ከረጋ ቤታችሁ ደህና ነው። 5፣ 80፣ 3፣ 200 እያለ የሚዘል ከሆነ ጥፋተኛው ዋይፋዩ ነው። መፍትሄው ካት 5ኢ የኔትወርክ ኬብል ነው፤ ከራውተሩ ኮምፒውተሩ ድረስ በግድግዳው ጥግ ጥግ ዘርጉት። በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ ከፈለጋችሁ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ኬብል መዘርጋት ካልተቻለ ቢያንስ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ቀይሩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ የሚጋፋው 2.4ቱ ላይ ነው። ዴስክቶፑ 5 ጊጋኸርዝ የማይዝ ከሆነ ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር ይበቃዋል።

ራውተሩ ደህና ሆኖ ፒንጉ የሚዘለው አንዳንዴ ብቻ ከሆነ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ማን ምን እያወረደ እንደሆነ እዩ። በተለይ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ የሚጭን ስልክ መስመሩን ያንቀዋል። ራውተሩ ኪውኦኤስ የሚባል ሴቲንግ ካለው ለእናንተ ኮምፒውተር ቅድሚያ ስጡ።

«ለሩብ ሰዓት ያለምንም ችግር ይሄዳል፣ ከዚያ ይደክማል»

መጀመሪያ 90 ኤፍፒኤስ፣ በኋላ 40። ይሄ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ያው ማራገቢያ እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ከቆላ አገር ያነሰ ነው። አቧራው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅላችሁ ክፈቱት። አቧራውን በብሩሽና በብሎወር አውጡ፤ ስትነፉ ማራገቢያውን በጣት ያዙት እንጂ በነፃ እንዲሽከረከር አትፍቀዱለት። ያገለገለ ኮምፒውተር ከሆነ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ከፋብሪካ የወጣበት ሊሆን ይችላል፣ ደርቆ ተፈርፍሮ ታገኙታላችሁ። አጽዱና አዲስ ቀቡት። ላፕቶፕ ከሆነ አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፣ ከኋላ በኩል በሆነ ነገር ከፍ አድርጉት።

ላፕቶፕ ላይ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ሆኖ ፍጥነቱ ከመጀመሪያው የሞተ ከሆነ ቻርጀሩን እዩ። ባትሪ ላይ ብቻ ሲሆን ላፕቶፕ አቅሙን ይቀንሳል። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ዴል፣ የተሰካውን ቻርጀር ካላወቁት ፕሮሰሰሩን ያዘገዩታል። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ላፕቶፑን በርካሽ ሸጦታል።

«በየመሀሉ ለአፍታ ስታክ ያደርጋል»

አማካይ ኤፍፒኤሱ ጥሩ ነው፣ ግን በየደቂቃው ቀጥ ይላል። ራሙን ተመልከቱ። ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሞላውን ወደ ዲስክ እያመላለሰ ነው። መጀመሪያ ክሮምን ዝጉ፣ ይሄ ነፃ ነው። 8 ጊጋ ብቻ ካላችሁና አሁንም ካልተስተካከለ 16 አድርሱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አንድ ባለ 16 ራም ከመሰካት ሁለት ባለ 8 መሰካት ይሻላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ እጥፍ ይሆናል። ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ የሚጫወት ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፣ ምክንያቱም እሱ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከራሙ ተበድሮ ነው የሚሠራው። እንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ በአንድ ባለ 8 ራም የምትጫወቱ ከሆነ ሌላ ባለ 8 ጨምሩና ከዚያ በኋላ ስለ አዲስ ኮምፒውተር አስቡ። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ከፍታችሁ ስንት ቀዳዳ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ እዩ፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ አይቀየርም። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4ና ዲዲአር5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች እርስ በርስ አይተካኩም። አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ያለው የቢሮ ዴስክቶፕ ዲዲአር3 ነው የሚወስደው።

እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን ስለተሻሙት የአዲስ ራም ዋጋ በዓለም ደረጃ ጨምሯል። ያገለገለ ራም ግዙ፣ ነውር የለውም። ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86ን አንድ ሌሊት አስኪዱበትና ስህተት ካሳየ መልሱት።

«ሌሎቹ ጀምረዋል፣ እኔ ገና ሎዲንግ ላይ ነኝ»

ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 በመቶ ካለ ያላችሁት ሃርድ ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ ግዙ፣ ዊንዶውሱንም ጌሙንም እሱ ላይ ጫኑ። ኤፍፒኤስ አይጨምርም፣ ካርታው ቶሎ ይከፈታል እንጂ። ለአሮጌ ኮምፒውተር ተራው ሳታ ኤስኤስዲ በቂ ነው፤ ለኦንላይን ጌም ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት፣ ኤንቪኤምኢ፣ በላዩ ላይ የሚጨምረው ብዙ አይደለም። መጠኑ ትልቅ ሆኖ ዋጋው ለማመን የሚከብድ ከሆነ ግን ውስጡ የተጻፈውን ያህል የለም ማለት ነው።

«ቫሎራንት ቫን 9003 ብሎ አይከፍትልኝም»

ይሄ የዕቃ ችግር አይደለም። ዊንዶውስ 11 ላይ ቫሎራንት ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደህንነት ሴቲንጎች እንዲበሩ ይፈልጋል። ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብታችሁ አብሩ። ዲስኩ በድሮው አከፋፈል፣ በኤምቢአር፣ የተከፈለ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ወደ አዲሱ፣ ወደ ጂፒቲ፣ ቀይሩት፣ አለዚያ ዊንዶውሱ አይነሳም።

«ኤፍፒኤሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝቅተኛ ነው»

አሁን ወደ ውዱ ደረስን። መጀመሪያ ነፃዎቹን ጨርሱ። የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነ የገዛችሁት ካርድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሞኒተሩ 144 ኸርዝ ሆኖ ዊንዶውስ ውስጥ 60 ላይ ተቀምጦ ከሆነም ቀይሩት።

ከዚያ ይህን ፈትሹ፦ ጌሙ ውስጥ ሬዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርዱ። ኤፍፒኤሱ በደንብ ከጨመረ የደከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ አጠቃቀሙም 95 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ታዩታላችሁ። ምንም ካልተለወጠ የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው፤ እሱ ላይ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ብትጨምሩ ያው 60 ኤፍፒኤስ ያው ነው። የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ አጠቃቀም 60 በመቶ ቢልም አትሸወዱ፣ አንዱ ኮር ሞልቶ ሌሎቹ እየጠበቁት ሊሆን ይችላል። ካውንተር ስትራይክ 2ና ቫሎራንት ፕሮሰሰር ላይ የሚከብዱ ጌሞች ናቸው።

ፕሮሰሰሩ ከሆነ ማዘርቦርዱን ሳትቀይሩ እዚያው የሚገባውን ትልቁን ፈልጉ። አይ5-4570 ካላችሁ አይ7-4770፣ አይ5-6500 ካላችሁ አይ7-6700። ስምንተኛ ትውልድ እዚያ ላይ አይሠራም፣ ቅርጹ ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ «ይገባል» የሚላችሁን እንዳትሰሙ። ኤኤም4 (የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰር የሚቀበል) ማዘርቦርድ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ የመጀመሪያውን ራይዘን አውጥታችሁ ራይዘን 5 5600 ማስገባት ትችላላችሁ፤ ማዘርቦርዱ የሚደግፈው ባዮስ እንዳለው ከአምራቹ ገጽ አረጋግጡና አስቀድማችሁ አድሱ። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) አትንኩት።

ግራፊክስ ካርዱ ከሆነስ? ላፕቶፕ ላይ አይቀየርም፣ እዚህ ላይ ተስፋ ቁረጡና ሴቲንጉን ዝቅ አድርጉ። ዴስክቶፕ ላይ ግን ከዋጋው በፊት ፓወር ሰፕላዩን እዩ። እኛ ጋ በብዛት ያሉት ከቢሮ የወጡ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ናቸው፣ ፓወራቸው ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ኬብልም የላቸውም። ካርዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ራሱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ስለዚህ ከዚያ በላይ የማይፈልግ ካርድ ምረጡ፦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ተጨማሪ ኬብል የማይፈልገው ዓይነት ጂቲኤክስ 1650፣ ገንዘብ ካለ ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050። ቀጭኗ ኬዝ ከሆነች አጭሩን፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን ብቻ ነው የምትቀበለው። አርኤክስ 6400 በ53 ዋት ይሠራል፣ ግን በአራት መስመር ብቻ ስለሚገናኝ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ አቅሙ ይቀንሳል፣ ለእነዚህ ኮምፒውተሮች አልመክረውም።

«ጨዋታው ሲከብድ ድርግም ብሎ ይጠፋል»

ክፍሉ ውስጥ ያለው አምፖልም አብሮ ከደበዘዘ ጥፋቱ የመብራቱ ነው፤ ስቴብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ያስፈልጋችኋል። አምፖሉ ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ ብቻ ከጠፋ መጀመሪያ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ለዲስክ የሚሆነውን የሳታ ፓወር ኬብል ወደ ግራፊክስ ካርድ ኬብል በሚቀይር አዳፕተር ትልቅ ካርድ ማስነሳት ይሞከራል። እባካችሁ አታድርጉት፣ ያ ኬብል ያን ያህል ጉልበት ለመሸከም አልተሠራም፣ ይቀልጣል። ኦፕቲፕሌክስን ፓወር ለመቀየር ካሰባችሁም ብዙዎቹ የማዘርቦርድ ሶኬታቸው ከተራው የተለየ ስለሆነ ከፍታችሁ ሳታዩ አትግዙ።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣላችሁ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ከኋላው በፓወሩ ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ መኖሩን እዩ። 115 ላይ ሆኖ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። 230 ላይ አድርጉት።

«ካርዱ 1050 ቲአይ ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፣ ግን ምንም አያንቀሳቅስም»

አሮጌ ካርድ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር (የራሱ ባዮስ) ተቀይሮ በአዲስ ስም ይሸጣል፤ ዊንዶውስም በሐሰተኛው ስም ያሳየዋል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ብዙዎቹን ያጋልጣል፣ ስሙ ፊት ላይ ፌክ ብሎ ይጽፍባቸዋል። በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይሰካ፣ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ፣ ከዚያ ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትሸውን ፈርማርክን ሩብ ሰዓት አስኪዱበት። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም የቀለም መስመር ከመጣ፣ ካርዱ ከጠፋ፣ ወይም ማራገቢያው ከተንጫጫ አትውሰዱት። ሻጩ ለመሞከር ፈቃደኛ ካልሆነ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።