ውሻህን አክስትህ ጋ ስትተው እንዳትጣሉ

ለፋሲካ አገር ቤት ልትሄድ ነው፣ ውሻው ደግሞ አክስትህ ጋ ሊቀር ነው። ጠቡ የሚነሳው ከዶሮ ወጡ ነው። ከሳህን የተረፈውን አጥንት ከነቁሌቱ ይሰጡታል፣ ለእሳቸው ፍቅር ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ «አይስጡት» ብለህ አትጀምር። ምክንያቱን ንገራቸው፦ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሾላል፣ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ ስለሚታይ «ትናንት በልቶ ምን ሆነ?» የሚለው ክርክር አያዋጣም።

ከዚያ ምትክ ስጥ። ሩዝ በስጋ ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው ቀቅለህ፣ የየቀኑን ለይተህ ፍሪጅ አስቀምጥላቸው። መስጠት ደስ ይላቸዋል፣ የሚሰጡት ነገር ይኑራቸው።

በሰንሰለት ማሰራቸው ላይ ግን ትንሽ ላላ በል። እንግዳ ሲበዛ ቢታሰር፣ ጥላና ውሃ ካለው፣ ማታም ከተፈታ ምንም አይደል።

የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀቱን ትተህ ሂድ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፣ ይሄ ድርድር የለውም። አጎትህ «ደሞ ውሻ ሩዝ ይቀቀልለታል?» ካሉ ሳቅ ብለህ እለፍ።