ወገብዎን ሲይዝዎት ምን ያድርጉ?

ጎንበስ ብለው ጀሪካን ሲያነሱ ወገብዎን ድንገት ወጋ አድርጎ ያዘዎት እንበል። ቀና ማለት አቃተዎት። ብዙ ሰው አጥንቱ ከቦታው የወጣ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አጥንቱ ደህና ነው። የተጎዳው አጥንቶቹን የሚያያይዘው ጅማት ወይም አጠገቡ ያለው ጡንቻ ነው። ከልክ በላይ ተለጥጧል፣ ወይም በጥቂቱ ተበጥሷል። ጡንቻው ጉዳቱን ለመከላከል ስለሚኮማተር ወገብ እንደ እንጨት ይደርቃል።

መጀመሪያ አደገኛ ምልክት መኖር አለመኖሩን ይዩ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ብልትና መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግርዎ አልታዘዝ ካለ፣ ትኩሳት ካለዎት ወይም ሕመሙ የመጣው ከከባድ አደጋ በኋላ ከሆነ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። ለነገ አይበሉ።

እነዚህ ከሌሉ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስቀምጡበት። በቀን ጥቂት ጊዜ ይድገሙት። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሙቀት ይሻላል። ማስታገሻ ከፈለጉ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡርም ከሆኑ፣ ለፋርማሲው ባለሙያ አስቀድመው ይንገሩ።

አጥብቄ የምለምንዎት ግን አንድ ነገር ነው፦ አልጋ ላይ አይሰንብቱ። ሕመሙ ቢጠና አንድ ሁለት ቀን አረፍ ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲተኙ ጡንቻው ይደክማል፣ መዳኑም ይዘገያል። ቤት ውስጥም ቢሆን ቀስ እያሉ ይራመዱ። ትንሽ ማመሙ ጉዳት እየጨመሩ ነው ማለት አይደለም። ወጌሻ ጋር ለመሄድም አይቸኩሉ። ለወጌሻዎች ክብር አለኝ፤ ነገር ግን ገና የተጎዳ ወገብ በኃይል ሲታሽና ሲሳብ ሊብስበት ይችላል።

ብዙዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት አልፎ ካልተሻለዎት ሐኪም ይይዎት።

ታዲያ ለምን ያዘዎት? ለረጅም ሰዓት መቀመጥና የሆድ ጡንቻ መድከም ወገብን ያጋልጣሉ። ኃይለኛ ሳልም ሊበቃ ይችላል። ዋናው ግን አነሳሳችን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከሰውነት በራቀ ቁጥር በወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ከሁሉ የከፋው ጎንበስ ብሎ አንስቶ እግርን ሳያንቀሳቅሱ መዞር ነው።

ስለዚህ ወደ ጀሪካኑ ይጠጉ። ጉልበትዎን አጥፈው ዝቅ ይበሉ። ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው በእግርዎ ኃይል ይነሱ። መዞር ካለብዎት በእግርዎ ይዙሩ። ከተቻለ ደግሞ በባለ 20 ሊትሩ ፈንታ ሁለት ባለ 10 ሊትር፣ በየእጅዎ አንድ አንድ ይያዙ።